አልትራሳውንዱ «ዕጢ አለ»፣ ኢንዶስኮፒው «የለም» ካለ ማንን እንመን?

በዚህ እትም የምናወራው ስለ ጨጓራ ብቻ ነው። የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ የሚያርፉት አንድ ነገር ላይ ሆኖ አገኘሁት። የአልትራሳውንድ ውጤት። ሰዉ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክና «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው? ካንሰር ነው?» ይላል። ፎቶ አይቼ ምርመራ እንደማልሰጥ ከወዲሁ እንግባባ። ጥያቄዎቹ ግን ስለሚመሳሰሉ የተወሰኑትን መርጬ እንደ ወትሮዬ በቀጥታ እመልሳለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የሐሞት ጠጠር ይኖርባት ይሆናል ተብሎ አልትራሳውንድ ስትታይ፣ ያልተፈለገ ነገር ተገኘ። ወረቀቱ ‹ከጉበት ግራ ክፍል ሥር፣ ከጨጓራ ጋር የተያያዘ የሚመስል 4.5 ሴንቲሜትር ጠቆር ያለ እብጠት› ይላል። ደንግጠን ኢንዶስኮፒ አስደረግናት። ሐኪሙ ‹ትንሽ ጎበጥ ያለ ቦታ አለ እንጂ ቁስል የለም› አለን። የተወሰደው ናሙናም ‹ካንሰር የለም› ተብሎ መጣ። ዘመድ ሁሉ አልትራሳውንዱ ነው የተሳሳተው ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማንን ልመን?»

እህቴ፣ እንቅልፍ ያጣሽው በከንቱ አይደለም። እንቅጩን ልንገርሽ፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያዩት ቦታ ነው የተለያየው።

ጨጓራን እንደ ቤት አስቢው። ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ የሚገባው ባለ ካሜራ ቱቦ፣ በበሩ ገብቶ የግድግዳውን ቀለም ያያል። ቀለሙ ከተላጠ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ ይይዘዋል። ዕጢው የተነሳው ከቀለሙ ኋላ፣ ከጡቡ መሀል ቢሆንስ? ደግሞም ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ጓሮ ቢያድግስ? ገብቶ ያየ ሰው የሚያገኘው ጎበጥ ያለ፣ ቀለሙ ግን ያልተነካ ግድግዳ ነው። የእናትሽ ሐኪም ያለውም ይህንኑ ነው። በጓሮ በኩል የመጣው አልትራሳውንድ ግን እብጠቱን ፊት ለፊት ያገኘዋል።

ናሙናውስ? በተለመደው ኢንዶስኮፒ የምትገባው መቆንጠጫ ትንሽዬ ናት፤ የምትነክሰው ላይ ላዩን ነው። ስለዚህ «ካንሰር የለም» የሚለው ውጤት ስለ ቀለሙ እውነቱን ተናግሯል። ስለ ጡቡ ምንም አላለም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወረቀቱ ላይ «ናሙናው የተወሰደው ከላይኛው ሽፋን ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ስንት ቤተሰብ ባልተዘናጋ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? የጨጓራ ዕጢም የሚጠየቀው ከሥሩ ነው። ሁሉም ሰው «ስንት ሴንቲሜትር ነው?» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየትኛው መስመር ተነሳ?» ብዬ ነው። የጨጓራ ግድግዳ በጥሩ አልትራሳውንድ ሲታይ አምስት መስመር አለው፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ከውስጥ ወደ ውጭ ስትቆጥሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጠኛው ሽፋን ናቸው። ሦስተኛው ነጭ ከሽፋኑ ሥር የተነጠፈው ለስላሳ ክፍል ነው። አራተኛው ጥቁር ምግቡን የሚያሸው ጡንቻ ነው። አምስተኛው የውጭ ልባሱ። ጨጓራው ሲወጠር አምስቱም ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር አያልፉም፤ ስለዚህ ከሆድ ቆዳ ላይ ሆኖ እነሱን መቁጠር ሁልጊዜ አይሳካም።

ለዚህ ነው ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ የሚባለው ነገር የመጣው። ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ የተገጠመለት ኢንዶስኮፒ ማለት ነው፤ ከ1980 አካባቢ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የድምፅ ሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ ባለ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ግን ሩቅ አይደርስም። ከሆድ ላይ የምንጠቀመው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ነው፤ ቆዳውን፣ ስቡን፣ ጡንቻውን አልፎ መድረስ አለበታ። ጨጓራው ውስጥ ከገባን ግን ግድግዳው አፍንጫችን ሥር ስለሆነ እስከ 12፣ በቀጫጭኖቹ መመርመሪያዎች ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ድረስ እንሄዳለን። ያኔ አምስቱ መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

እብጠቱ ከሦስተኛው መስመር ተነስቶ ቦግ ያለ ነጭ ከሆነ የስብ ዕጢ ነው፣ ሊፖማ። ካላስቸገረ አንነካውም። ከአራተኛው ጥቁር መስመር ተነስቶ ራሱም ጠቆር ካለ ግን ሦስት ተጠርጣሪዎች ይሰለፋሉ፦ ጂስት የሚባለው የጨጓራና አንጀት ግድግዳ ዕጢ፣ ሊዮማዮማ የሚባለው የጡንቻ ዕጢ እና ሽዋኖማ የሚባለው የነርቭ ሽፋን ዕጢ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላቸውም። ጂስት ግን ጠባዩ አይታመንም፤ አንዳንዱ ለዓመታት ተኝቶ ይኖራል፣ አንዳንዱ ወደ ጉበትና ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ይዘምታል። ክፋቱ ደግሞ ሦስቱ በአልትራሳውንድ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። እኔ በዓይኔ ብቻ እለያቸዋለሁ የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

ጂስት የሚነሳው የካሃል ሴሎች ከሚባሉት ወይም ከነሱ ዘመዶች ነው። ሴሎቹ ስማቸውን ያገኙት በ1906 ኖቤል ከተሸለመው ስፔናዊ ሳይንቲስት ከሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። ሥራቸው ለጨጓራ ምት መስጠት ነው፤ በደቂቃ 3 ጊዜ ገደማ «ተጨመቅ» ይሉታል። ከጂስቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገኙትም ጨጓራ ላይ ነው። በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ጂስቶች ኪት በሚባል ዘረ መል ላይ ለውጥ እንዳላቸው አሳዩ። ያ ግኝት መንገድ ከፍቶ ኢማቲኒብ የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት በ2002 አሜሪካ ውስጥ ለጂስት ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ከቀዶ ሕክምና ሌላ ይህ ነው የሚባል መላ አልነበረም፤ የተለመደው ኬሞቴራፒ ጂስትን እምብዛም አይነካውም።

ወደ እናትሽ ልመለስ። 4.5 ሴንቲሜትር «እንተወው» የሚባል መጠን አይደለም። ቀጣዩ እርምጃ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ነው። እዚያው እያዩ በቀጭን መርፌ ግድግዳውን አልፈው ከዕጢው ልብ ናሙና ይወስዳሉ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ደግሞ ሲዲ 117 የሚባለውን ቀለም ተጠቅሞ ይመረምረዋል፤ ዕጢው ቀለሙን ከያዘ ጣት ወደ ጂስት ይጠቁማል። ኤስ 100 የሚባለውን ከያዘ ሽዋኖማ ይጠረጠራል። ሲቲ ስካንም ያዝላት ይሆናል፤ ጉበቷንና አካባቢውን ለማየት። መሣሪያው በአቅራቢያችሁ ከሌለ ሲቲውና ቀዶ ሐኪም ማማከሩ ይቅደም። በአንዳንድ ሕመምተኞች ዕጢው በቀላሉ የሚወጣ ቦታ ላይ ከሆነ መርፌው ይታለፍና በቀጥታ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ጎበጥ ያለ ሁሉ አይወጋም። የጉበት ሕመም ባለበት ሰው የጨጓራ ደም ሥሮች አብጠው ቁጭ ዕጢ ይመስላሉ። አልትራሳውንዱ ላይ ዶፕለር የሚባለውን ስንከፍት ደም ሲፈስ በቀለም ስለሚታይ ወዲያው ይጋለጣሉ። ሳያዩ መቆንጠጥ ግን፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው ነው። የሚወጣው ደም በቀላሉ አይቆምም።

«ዕድሜዬ 67 ነው። በኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ 1.2 ሴንቲሜትር የሆነች ዕጢ ጨጓራዬ ጡንቻ ውስጥ ተገኘች። ሐኪሙ ‹ከዓመት በኋላ ይምጡ› ብሎ ሸኘኝ። ልጆቼ ‹ችላ ብሎህ ነው› እያሉኝ ነው። ዕጢ ተቀምጦ ይጠበቃል እንዴ?»

አባቴ፣ ይጠበቃል። ችላ ያልዎትም አይመስለኝም። ከ2 ሴንቲሜትር በታች የሆኑና ክፉ ምልክት የሌላቸው እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ብዙዎቹ ዕድሜ ልክ ሳያስቸግሩ ይኖራሉ። እሷን ለማውጣት ሆድ መንካት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መርፌም ቢሆን እንዲህ ትንሽ ላይ ሲወጋ በቂ ናሙና የማያመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እየለኩ መከታተል የታወቀ አሠራር ነው።

ልጆችዎ መጠየቅ ያለባቸው ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ዕጢዋ መልክ ምን ተጽፏል? ጠርዟ ለስላሳ ነው ወይስ የተቦጫጨቀ? ውስጧ አንድ ወጥ ነው ወይስ ውኃ የቋጠረ ክፍተት አለው? ላይዋ ቆስሏል? «ለስላሳ፣ አንድ ወጥ፣ ያልቆሰለ» ካለ ዓመቱን ይጠብቁ። ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ ግን መጠኗ ትንሽ ናት ተብሎ አይታለፍም። በመሀል ደግሞ ዓይነ ምድርዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለስዎ፣ ወይም ሳይታወቅዎ አቅም እያነሰዎ ከሄደ ቀጠሮ አይጠብቁ። ያን ዕለት ይሂዱ።

ሲሄዱም የድሮውን ምስል ይያዙ፤ ወረቀቱን ብቻ አይደለም፣ ምስሉን። 12 ሚሊሜትር የነበረች ዕጢ በሌላ እጅ ስትለካ 14 ብትሆን አደገች ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያላየ ሰው ይህን ሊፈርድ አይችልም።

«ለጨጓራ አልትራሳውንድ ሄጄ አንድ ሊትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ውኃ አስጠጡኝ። ሳትበላ ና ብለው ራሳቸው ውኃ ማጠጣት ምን የሚሉት ነው? ሽንት ቤት ልሞትላቸው ነበር።»

ሳቅ አመለጠኝ፣ ይቅርታ። ግን የሠሩልህ ነገር ጥሩ ነው። የአልትራሳውንድ ጠላቱ አየር ነው። የድምፅ ሞገዱ አየር ሲያገኝ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል፤ ከኋላ ያለው ጨለማ ይሆናል። ጨጓራ ደግሞ የአየር ቤት ነው። ውኃ ስትጠጣ አየሩ ይገፋል፣ የተኮማተረው ግድግዳ ይዘረጋል፣ ለሞገዱም መስኮት ይከፈታል። ውኃው እንደገባ ስክሪኑ ላይ ብናኝ አረፋ ሲዋኝ ታያለህ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቆይ ይረጋና ውስጡ ጥቁር ኩሬ ይሆናል። ግድግዳው በኩሬው ዳር እንደ ቀጭን ጥልፍ ይታያል። ወደ ቀኝ ጎንህ ስትገለበጥ ውኃው ወደ ጨጓራው መውጫ ይሄዳል፣ አየሩ ሽቅብ ይወጣል። እንዲህ እያገለባበጡ ነው የሚያዩት። ጋዝ ያለው መጠጥ ታዲያ አይሆንም፤ አረፋ በአረፋ ላይ ነው።

ሳትበላ የተባልከውስ? የራሴን ጉድ ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ሳይ ከጉበቱ ግራ ሥር 6 ሴንቲሜትር የሚሆን ዥጉርጉር ነገር አገኘሁ። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፣ «የጨጓራ ዕጢ ይጠረጠራል» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አንብበው «በልቶ ነው የመጣው?» አሉ። ቢጠየቅ ምሳውን በልቶ ነው የመጣው። በማግስቱ በባዶ ሆዱ ስናየው ዕጢው የለም። ዕጢው ምሳ ነበር። ሰውየው ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ መመርመሪያውን ሆድ ላይ ከማሳረፌ በፊት የመጨረሻው ምግብ መቼ እንደነበር እጠይቃለሁ።

«የባለቤቴ ወረቀት ‹የጨጓራዋ ግድግዳ 11 ሚሊሜትር ወፍሯል፤ ሊምፎማ ወይም ሌላ ሰርጎ ገብ በሽታ ይጣራ› ይላል። ክብደቷ ቀንሷል። ወፍራም ግድግዳ ማለት ካንሰር ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ ማለት አይደለም፤ ግን «መጣራት አለበት» ማለት ነው፣ እሱም በፍጥነት። የቆሰለ፣ የተቆጣ ጨጓራም ይወፍራል። ባዶውን የተኮማተረ ጨጓራም ወፍራም መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ውኃ ጠጥታ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። 11 ሚሊሜትር ተወጥሮ ሳለ ከተለካና ክብደትም ከቀነሰ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

እንዲህ ላለው ውፍረት ሁለት ነገር እንፈራለን። አንደኛው ሊምፎማ፣ የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር፣ ነው። በአልትራሳውንድ ግድግዳው በጣም ጥቁር ሆኖ፣ አንዳንዴ ዙሪያውን፣ ይወፍራል። መሀሉ ላይ ነጭ አየር፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ስለሚሆን ኩላሊት ይመስላል፤ እኛም «ሐሰተኛ ኩላሊት» እንለዋለን። ከሊምፎማዎቹ አንዱ፣ ማልት የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሁሉም ሰው «የጨጓራ ባክቴሪያ» ከሚላት ከኤች ፓይሎሪ ነው። ገና በጊዜ ከተደረሰበትና ባክቴሪያዋ ካለች ብዙዎቹ ባክቴሪያዋን በመድኃኒት በማጥፋት ብቻ ይጠፋሉ። አንቲባዮቲክ የሚያጠፋው ካንሰር ነው! እዚህም መስመር ቆጠራው ይመጣል፤ ዕጢው በላይኞቹ መስመሮች ከተወሰነ አንቲባዮቲኩ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ወደ ጡንቻው ከዘለቀ ዝቅ ይላል። በነገራችን ላይ ይህችን ባክቴሪያ ለማስመሰከር አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 ራሱ ጠጥቷት ታሟል። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ሸለሟቸው።

ሁለተኛው ሊናይቲስ ፕላስቲካ የሚባለው ነው። ይሄ መደበኛ የጨጓራ ካንሰር ሆኖ እንደ እብጠት ሳይቆም ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ የሚሰራጭ ዓይነት ነው። ጨጓራው እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል። ውኃ ብታጠጣው አይዘረጋም፣ ሲታይም አይንቀሳቀስም። እኔ ስክሪን ላይ ይህን ሳይ ከልኬቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ያ ዝምታው ነው። ኢንዶስኮፒ ላይ ደግሞ ላዩ ብዙም ያልተነካ ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያው ናሙና «ምንም የለም» ብሎ ሲመለስም ደጋግሞ ታይቷል። ስለዚህ ለባለቤትህ ኢንዶስኮፒ ተደርጎ ናሙናው ንጹሕ ቢባልና ግድግዳው ወፍሮ ቢቀጥል «ጥልቅ ናሙና ይወሰድልን» በል። አታፍር። ክርክር አይደለም፣ መብትህ ነው።

«አልትራሳውንድ ታይቼ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ከዚህ በኋላ ኢንዶስኮፒ ምን ያደርግልኛል? ቱቦ መዋጥ እፈራለሁ።»

ንጹሕ የተባለው ምንህ ነው? ጉበትህ፣ ሐሞትህ፣ ኩላሊትህ ከሆነ ጥሩ ዜና ነው። ለጨጓራ ግን የተለመደው የሆድ አልትራሳውንድ «አለ» ሲል ይታመናል እንጂ «የለም» ሲል ዋስ አይሆንም። ገና የጀመረ ካንሰር ቀለሙ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት፤ ከውጭ አትታይም። ሐኪምህ ኢንዶስኮፒ ካዘዘ አድርገው። ፍርሃቱን ደግሞ ንገራቸው፤ ማስተኛ መድኃኒት አለ።

«የ14 ዓመት ልጄ ላይኛው ሆዷ ላይ ጠንካራ ነገር ይዳሰሳል። አልትራሳውንዱ ‹ከኋላው ጥላ የሚጥል ጠማማ ነጭ መስመር፣ ዕጢ?› ይላል። የጥያቄ ምልክቷ ገደለችኝ። ፀጉሯም ሳስቷል፤ ደም ማነስ ነው ብዬ ነበር።»

እህቴ፣ ተረጋጊ። ፀጉሯን መጻፍሽ ጥሩ ሆነ፤ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነበር። የግድግዳ ዕጢ ሞገዱን በመጠኑ ያሳልፋል፤ ውስጡና ጀርባው ይታያል። ፊት ለፊት አንድ ቦግ ያለ ቀስት ብቻ ታይቶ ከኋላው ሁሉ ጨለማ ከሆነ ጨጓራው ውስጥ የተቋጠረ ነገር ይጠረጠራል። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጃገረዶች ብዙ ጊዜ የተዋጠ ፀጉር ነው። ፀጉር አይፈጭም፤ ከምግብና ከአየር ጋር እየተገመደ የጨጓራውን ቅርጽ ይይዛል።

ሳትቆጫት ጠይቂያት። ፀጉሯን እየነቀለች ትበላለች? ብዙዎቹ አፍረው ይደብቃሉ። ኢንዶስኮፒ ወይም ሲቲ ነገሩን ቶሎ ይለየዋል፤ ፀጉር ከሆነና ትልቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ማስመለስ ከጀመራት ወይም ሆዷን በኃይል ካመማት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፤ መውጫውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ከቀዶ ሐኪሙ ቀጥሎ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ያዢላት። ፀጉር የመንቀሉ ነገር ካልታከመ ያው ቋጠሮ ተመልሶ ይመጣል።